ኤችኤስ ኮድ ምንድን ነው? በርበሬ፣ ጋቢና ጀበና ወደ ውጭ መላክ ላሰባችሁ

ሜክሲኮ አካባቢ ካሉት የትራንዚት ቢሮዎች አንዱ ጋ ገብታችሁ «ዕቃ ወደ ውጭ ልልክ ነበር፣ ምን ምን ያስፈልገኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰውየው ደህና ትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ የሚያስፈጽም ወኪል) ከሆነ ወዲያው አይመልስላችሁም። መጀመሪያ እሱ ይጠይቃችኋል፦ «ኮዱ ስንት ነው?»

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደናገራል። ንግድ ፈቃዱን አውጥቷል፣ ቲን አለው፣ ዱባይ ወይም ሜሪላንድ ገዢ አግኝቷል፣ ማሸጊያው ላይ ሳይቀር ስሙን አሳትሟል። ኮድ የሚባል ነገር ግን ሰምቶ አያውቅም። ቢሰማም የትራንዚተሩ ሥራ ነው ብሎ ትቶታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ትራንዚተሩ ዲክላራሲዮኑን፣ ማለትም ለጉምሩክ ዕቃው የሚገለጽበትን ቅጽ፣ ይሞላል እንጂ ከረጢቱ ውስጥ ምን እንዳለ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ዕቃው ሲያዝም የሚከስረው ላኪው ነው።

ኤችኤስ ኮድ ማለት በዓለም ላይ የሚሸጥ የሚገዛ ዕቃ ሁሉ የሚመደብበት ቁጥር ነው። የሚያስተዳድረው ብራስልስ ያለው የዓለም ጉምሩክ ድርጅት ሲሆን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1988 ጀምሮ እየተሠራበት ነው። ዛሬ ከ200 በላይ አገሮችና ግዛቶች ይጠቀሙበታል፣ እኛም ጭምር። የመጀመሪያዎቹ 6 አሃዞች የትም ሂዱ አንድ ናቸው። ካፌይኑ ያልወጣለት ጥሬ ቡና 0901.11 ነው፤ አዲስ አበባም፣ ሐምቡርግም፣ ጅዳም። ተቆልቶ ሲሄድ 0901.21 ይሆናል። ከ6ኛው አሃዝ በኋላ ግን እያንዳንዱ አገር የራሱን ይጨምራል፤ እኛ 8 እናደርሰዋለን፣ አሜሪካ 10።

አነባበቡ አይከብድም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ምዕራፉን ይነግሯችኋል፤ 09 ቡና፣ ሻይና ቅመማ ቅመም ነው። አራቱ ርዕሱን፣ ስድስቱ ዝርዝሩን ያሳያሉ።

ታዲያ አንድ ቁጥር ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል? ሌላው ወረቀት ሁሉ የሚሄደው እሱን ተከትሎ ስለሆነ ነው። በኤሌክትሮኒክ ነጠላ መስኮት (የየመሥሪያ ቤቱን ፈቃድ በኢንተርኔት በአንድ ቦታ መጠየቂያ ሥርዓት) በኩል ማመልከቻ ስትሞሉ ይጠየቃል። ባንክ የኤክስፖርት ፈቃድ ሲሰጣችሁ ዕቃው ምን እንደሆነ ማወቅ አለበት፤ ዶላሩ ተመልሶ መግባቱን የሚከታተለው በዚያ ነውና። የግብርና ባለሥልጣን የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬት ይፈለግበት እንደሆነ፣ የተቀነባበረ ምግብ ነው ተብሎ ወደ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይሂድ እንደሆነ፣ ገዢያችሁ አገር ስንት ቀረጥ እንደሚከፈል፣ ይህ ሁሉ የሚታወቀው ከኮዱ ነው። መሥሪያ ቤት ለመሥሪያ ቤት ከመንከራተታችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ኮዳችሁን ብታጣሩ ግማሹ ጥያቄ ይመለሳል።

በርበሬን እንይ፤ ነገሩ ቀላል የሚመስለው እዚህ ጋ ነው፣ የሚወሳሰበውም እዚሁ ነው። ምንም ያልተቀላቀለበት የተፈጨ ዛላ በርበሬ 0904.22 ነው። ግን እንዲህ ዓይነቱን በርበሬ ስንቱ ቤት ያዘጋጃል? ኮረሪማ ይገባበታል፣ ጥቁርና ነጭ አዝሙድ ይገባበታል፣ አብሽም ዝንጅብልም አለ። የምዕራፍ 9 ማስታወሻ፣ ከተለያየ ርዕስ የመጡ ቅመሞች ሲቀላቀሉ ድብልቁ ወደ 0910 ይሄዳል ይላል፤ ዝርዝሩ 0910.91 ነው። እዚህ ድረስ ጥሩ። አሁን ደግሞ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ቀይ ሽንኩርቱንና ጨውን ጨምሩበት። እነዚህ የምዕራፍ 9 ቅመሞች አይደሉም። መጠናቸው ትንሽ ከሆነና ድብልቁ ቅመምነቱን ካልለቀቀ እዚያው 0910 ላይ ይቆያል። ከበዙና ዕቃው ለወጥ ማጣፈጫነት የተዘጋጀ ከሆነ ግን ወደ 2103.90 ይዛወራል። ስለዚህ የእናታችሁ በርበሬና የጎረቤታችሁ በርበሬ ሁለት የተለያየ ኮድ ሊኖራቸው ይችላል ማለት ነው። ለዚህ ነው «በርበሬ ነው» ብሎ መናገር ብቻ የማይበቃው። የይዘቱን ዝርዝር ከነመቶኛው ጻፉት፤ ላኪነት የሚጀምረው ከዚያ ወረቀት ነው።

ይህ የወረቀት ጨዋታ ብቻ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ከኢትዮጵያ የሚገቡ ቅመሞችን በአፍላቶክሲን ምክንያት በተጠናከረ ቁጥጥር ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል፤ ዝርዝሩም 0904ን እና 0910ን በቁጥራቸው ጠቅሶ ነው የያዛቸው። አፍላቶክሲን በርበሬው በደንብ ሳይደርቅ ሲቀር ወይም እርጥበት ያለበት ቦታ ሲከማች የሚበቅል ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ነው። የኅብረቱ ወሰን ለበርበሬና ለዝንጅብል ቢ1 ለሚባለው የአፍላቶክሲን ዓይነት በኪሎ 5 ማይክሮግራም፣ ለጠቅላላው አፍላቶክሲን ደግሞ 10 ነው። በጣም ትንሽ ነው፤ በዓይን የሚታይ ነገር የለም፣ ላቦራቶሪ ብቻ ነው የሚያውቀው። ዝርዝሩ ቢያንስ በየስድስት ወሩ ስለሚከለስ ከመላካችሁ በፊት ገዢያችሁ አዲሱን ይይላችሁ። «እንግዲያው 2103 ብዬ ልለፍ» የሚል አይጠፋም። ተዉት። የአፍላቶክሲን ወሰን ኮድ ስለተቀየረ አይለቅም፣ እነሱም ናሙና ወስደው ውስጡን ያዩታል።

ወደ ልብስ እንለፍ። ነጠላ ብዙም አያከራክርም፤ ከጥጥ የተሠራ ሻርፕ ወይም መከናነቢያ ሆኖ 6214.90 ውስጥ ይገባል። የጥጥ ቀሚስ 6204.42 ነው። ጋቢ ግን ልብስ ነው ወይስ ብርድ ልብስ? ቀን እንደርበዋለን፣ ማታ ተጠቅልለን እንተኛለን፣ እንግዳ ሲመጣ አውጥተን እንሰጠዋለን። ጉምሩክ ግን አንዱን ምረጡ ይላል፤ ወይ 6214.90፣ ወይ የጥጥ ብርድ ልብስ የሚገባበት 6301.30። ቀረጡም በብዙ አገር ይለያያል። የሚወስነው የተሠራበት ሁኔታ፣ መጠኑና አገልግሎቱ ነው። ኢንቮይሱ ላይ «ሻርፕ» ጽፋችሁ ኢንስታግራም ላይ አልጋ ላይ ዘርግታችሁ ፎቶ ካነሳችሁት ግን ራሳችሁን ነው የምትመሰክሩበት።

የስሪት አገር ጉዳይም ከኮዱ ጋር ነው የሚመጣው። አውሮፓ ኢትዮጵያን ጨምሮ ላላደጉ አገሮች ከጦር መሣሪያ በስተቀር ሁሉንም ያለቀረጥ ያስገባል። ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማየት የተቆላ ቡናን ውሰዱ፦ ይህ መብት የሌለው አገር 7.5 በመቶ ይከፍልበታል፣ የእኛ በዜሮ ይገባል። ግን ዕቃው የኢትዮጵያ መሆኑን ማሳየት አለባችሁ፣ እንዴት እንደሚታይ ደግሞ ለየኮዱ የተለያየ ሕግ አለው። ለነጠላ ዓይነት ዕቃ ዋናው ነገር እዚህ ተሸምኖ እዚህ መሰፋቱ ነው። ድሩ ከውጭ ቢመጣም ሽመናው የእኛ ከሆነ ይሆናል። ተሸምኖ የመጣ ጣቃ ገዝቶ ጠርዙን ብቻ አጥፎ «የሐበሻ» ብሎ መላክ ግን አያዋጣም። እስከ 6,000 ዩሮ ለሚደርስ ጭነት ማንኛውም ላኪ ኢንቮይሱ ላይ ተገቢውን የስሪት መግለጫ ጽፎ መላክ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ሬክስ በሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የላኪዎች መመዝገቢያ ሥርዓት መመዝገብ ይጠይቃል። ለትንሽ ነጋዴ ይህ 6,000 ትልቅ ዕድል ነው፣ የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው።

ሰሞኑን ደግሞ የቡና ሥነ ሥርዓት ስብስብ መሸጥ ፋሽን ሆኗል፤ ጀበና፣ ስድስት ሲኒ፣ ዕጣን፣ የተቆላ ቡና፣ ሁሉም በአንድ ሳጥን። ሲያዩት ያምራል። ለጉምሩክ ግን ራስ ምታት ነው። የሸክላው ጀበና 6912፣ የፖርሴሊን ሲኒው 6911፣ ዕጣኑ 1301.90፣ ቡናው 0901.21። ለችርቻሮ በአንድ ላይ ተዘጋጅቶ ለአንድ ዓላማ የሚሸጥ ስብስብ በዋናው ዕቃ ኮድ ሊመደብ የሚችልበት ደንብ አለ፤ እዚህ ዋናው ዕቃ ቡናው ነው ወይስ ጀበናው ብሎ መከራከር ግን ቀኑን ሙሉ ሊያስውል ይችላል። ሲኒው ከቻይና የመጣ ከሆነ ደግሞ የኢትዮጵያ ስሪት ልትሉት አትችሉም። የእኔ ምክር፦ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትልኩ ከሆነ እያንዳንዱን በየራሱ መስመር፣ በየራሱ ዋጋና ኮድ ኢንቮይሱ ላይ ዘርዝሩት። ይረዝማል እንጂ አያጣላም።

ቸርችል ጎዳና ላይ የስጦታ ዕቃ ለምትሸጡ አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ የተሳለ ሥዕልና ያረጀ ሥዕል ኮዳቸው አንድ አይደለም። ከ100 ዓመት በላይ የሆነው በተለየ ቁጥር ነው የሚመደበው፤ ጥንታዊ ዕቃም የራሱ 9706 አለው። ከሁሉም በላይ ግን በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለፈቃድ ከአገር አይወጣም። ዕቃው አዲስ ሆኖ አሮጌ እንዲመስል በጭስ ካጠቆራችሁት፣ አዲስ መሆኑን የምታስረዱት እናንተ ናችሁ። ቀድማችሁ የቅርስ ባለሥልጣን ጋ ማሳየቱ ይሻላል።

ኮዱን የት ታገኙታላችሁ? ከጉምሩክ ኮሚሽን ታሪፍ መጽሐፍ ጀምሩ፤ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን በየምዕራፉ መግቢያ ላይ ያለውን ማስታወሻ አንብቡ፣ ቁም ነገሩ ያለው እዚያ ነው። ቀጥሎ ገዢያችሁን ጠይቁ። እሱ ሲያስገባ የሚጠቀምበት የመጀመሪያ 6 አሃዝ ከእናንተ ጋር ካልገጠመ ዕቃው ሳይጫን አሁኑኑ ተስማሙ። የአሜሪካ ጉምሩክ እስከዛሬ የሰጣቸውን የምደባ ውሳኔዎች ክሮስ በሚባል ገጹ ላይ በነፃ ያስነብባል፤ የእናንተን የመሰለ ዕቃ ከዚህ በፊት የት እንደተመደበ ፈልጋችሁ ማየት ትችላላችሁ። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ገዢያችሁ ቀድሞ አስገዳጅ ውሳኔ መጠየቅ ይችላል፣ ለ3 ዓመት ይጸናል። ምግብ ወደ አሜሪካ ለምትልኩ ከኮዱ ሌላ የኤፍዲኤ (የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) ምዝገባም አለ። ምዝገባው በነፃ ነው፤ በየሁለት ዓመቱ፣ ለሁለት እኩል በሚካፈል የፈረንጅ ዓመት ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ይታደሳል። ለየጭነቱ ደግሞ ቅድመ ማሳወቂያ ይላካል።

«እኔ ኮንቴይነር አልልክም፣ በፖስታ ሁለት ሦስት ነጠላ ነው» የምትሉ አላችሁ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ወደ አሜሪካ የሚሄድ ከ800 ዶላር በታች የሆነ ዕቃ ያለቀረጥ ይገባ ስለነበር ዋናው ፖስታ ቤት ቅጹ ላይ «ልብስ» ብሎ ጽፎ መላክ ያስኬድ ነበር። ከነሐሴ 23፣ 2017 ጀምሮ ያ ቀርቷል። አሁን ትንሿም ጥቅል ቀረጥ ይታሰብባታል፣ ስንት እንደሚሆን ለማወቅ ደግሞ ኮዱና የስሪት አገሩ ይፈለጋል። «ስጦታ» ብሎ መጻፍ መፍትሔ አይደለም፤ ነፃ የሚሆነው ሰው ለሰው የሚልከው እስከ 100 ዶላር የሚያወጣ እውነተኛ ስጦታ ነው። ብሩን በባንክ ተቀብላችሁበት ከሆነ ሽያጭ ነው።

ኮድ ከኢንተርኔት ስትቀዱ እትሙን እዩ። አሁን የሚሠራው የ2022 እትም ነው፣ ቀጣዩ በጃንዋሪ 2028 ሥራ ላይ ይውላል። ለምሳሌ የእንጨት ቅርጻ ቅርጽ ድሮ 4420.10 ነበር። አሁን ለሁለት ተከፍሎ ከሞቃታማ አካባቢ ዛፍ የተሠራው 4420.11፣ ሌላው 4420.19 ሆኗል። ስለዚህ የእንጨት መስቀል የምትልኩ ከሆነ ጠራቢውን ከምን ዛፍ እንደሠራው ጠይቁት።