«እናቱ የጣለችው ግልገል» እና ሌሎች ስለ አቆስጣ የሚነገሩ ስሕተቶች

አቆስጣ የሚለውን ቃል ብዙው አንባቢ የሚያውቀው ከኦሪት ዘጸአት ነው፤ የማደሪያው ድንኳን የተሸፈነው በቁርበቱ ነበር ተብሎ። ሲያትል ወይም ቦስተን የሚኖር ሰው ግን እንስሳውን ራሱን፣ በእንግሊዝኛ ሲል የሚባለውን የባሕር ጡት አጥቢ፣ ባሕር ዳር ተጋድሞ ያገኘዋል። በዚያ አካባቢ በብዛት የሚታየው ሀርበር ሲል የሚባለው ነጠብጣባም ዝርያ ነው፤ ርዝመቱ ከ2 ሜትር አይበልጥም።

«ብቻውን የተኛውን ግልገል እናቱ ጥላው ሄዳለች»

አብዛኛውን ጊዜ አልጣለችውም። ዓሣ ፍለጋ ስትሄድ ለሰዓታት አሸዋ ላይ ትተወዋለች። ተመልሳ ሰው ከቦት ካየች ጭንቅላቷን ብቻ ከውሃው ብቅ አድርጋ ትጠብቃለች እንጂ አትጠጋም። እናትና ልጅን የሚለያየው እንግዲህ ሊረዳ የቆመው ሰው ነው። ቢያንስ 91 ሜትር (100 ያርድ) ራቁ፣ ውሻችሁን እሰሩ፣ በአካባቢው ላለ የባሕር እንስሳት ነፍስ አድን ቡድን ደውሉ። አሜሪካ ውስጥ መነካካቱ ከ1972 ወዲህ በሕግም የተከለከለ ነው።

ውሃ አታፍሱበት፣ ወደ ባሕርም አትግፉት፤ የወጣው ሊያርፍና ሊሞቅ ነው። ከሁሉ የከፋው የላም ወተት ማጠጣት ነው። የእናቱ ወተት ከ40 በመቶ በላይ ስብ ነው፣ ላክቶስ (የወተት ስኳር) ግን የለውም ማለት ይቻላል። የላሙ ስብ 4 በመቶ ገደማ ሲሆን ላክቶሱ ብዙ ነው፤ ግልገሉን ያስቀምጠዋል፣ ተቅማጡም ውሃ ያሳጣዋል። የሚጠባው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ብቻ ነው። 10 ኪሎ ገደማ ሆኖ ተወልዶ በዚያች ጊዜ ክብደቱን እጥፍ ማድረግ ስላለበት አንድ ቀን ጡት ማጣት እንኳ ይጎዳዋል።

«ያለቅሳል»

አያለቅስም። እንባን ወደ አፍንጫ የሚያወርደው ቀጭን ቦይ ስለሌለው እንባው ጉንጩ ላይ ይፈሳል። እንዲያውም በዓይኑ ዙሪያ እርጥብ ክብ ካለ ደስ ይበላችሁ፤ ክቡ ሲደርቅ ነው ሰውነቱ ውሃ እንዳጠረው የሚታወቀው።

«እንደ ሙዝ ከታጠፈ ታሟል»

ራሱና የኋላ መቅዘፊያዎቹ ስስ ስብ ነው ያላቸው። ቀዝቃዛ ውሃ እንዳይነካቸው ወደ ላይ ያነሣቸዋል።

«አየር ስቦ ነው የሚጠልቀው»

በተቃራኒው፣ አስወጥቶ ነው። ኦክስጅኑን የሚያከማቸው በደሙና በጡንቻው ነው፤ ሲጠልቅ የልብ ምቱም ይቀንሳል። ዘወትር ከ3 እስከ 7 ደቂቃ ይቆያል፣ ግድ ሲሆን ግን ከዚያ እጅግ ይረዝማል።

«በጨለማ ውሃ ዓሣ አያገኝም»

ጢሙ ይበቃዋል። ዓሣ ሲዋኝ ከኋላው ውሃው ለጥቂት ጊዜ እንደተናወጠ ይቆያል፤ ጢሙ ያንን ይለየዋል። ጀርመን ውስጥ ዓይናቸው የተሸፈነ የሠለጠኑ አቆስጣዎች አንዲት ትንሽ ሰርጓጅ መሣሪያ ያለፈችበትን መንገድ ተከትለው ደርሰውባታል።

«በትርኢት ላይ ኳስ የሚያሽከረክረው እሱ ነው»

ያ የባሕር አንበሳ ነው፤ ወጣ ያለ ጆሮ አለው፣ በአራቱም መቅዘፊያዎቹ ይራመዳል። አቆስጣ ጆሮው ቀዳዳ ብቻ ነው፤ የብስ ላይ በሆዱ ይሳባል።

«ንክሻው እንደ ውሻ ንክሻ ነው»

በባክቴሪያ የሚመጣ፣ ጣትን የሚያሳብጥና መገጣጠሚያን የሚያደነድን ሕመም ሊያስከትል ይችላል። ፔኒሲሊን አይሠራለትም፤ የሚፈወሰው በቴትራሳይክሊን ዓይነት መድኃኒት ነው። ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡ የነከሳችሁ አቆስጣ መሆኑን አስቀድማችሁ ተናገሩ።