የአረጋውያን የካንሰር ሕክምና ጥራትና የአስታማሚ ቤተሰብ ድርሻ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች

በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ውስጥ አንድ አረጋዊ የካንሰር ታማሚ ብቻውን አይታከምም። ካርድ የሚያወጣው፣ የላቦራቶሪ ናሙና ይዞ ከክፍል ወደ ክፍል የሚመላለሰው፣ በግቢው ያልተገኘውን መድኃኒት ከውጭ ገዝቶ የሚያመጣው፣ የሚያጎርሰውና ሰውነት የሚያጥበው፣ ሌሊትም አልጋው ሥር አንጥፎ የሚተኛው አስታማሚው ነው። ከሥራው ብዙው በእርሱ ትከሻ ላይ ያረፈ በመሆኑ፣ የዚህ ሕክምና ጥራት ሲመዘን ከሐኪሙ ሙያና ከመሣሪያው መኖር ጋር ሆስፒታሉ ቤተሰቡን የሚቀበልበት፣ የሚያስረዳበትና የሚያግዝበት መንገድም አብሮ መመዘን ይኖርበታል።

አገልግሎቱ ለረጅም ጊዜ በአንድ ቦታ ተወስኖ ኖሯል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መገባደጃ በኮባልት መሣሪያ የጨረር ሕክምና ከጀመረ በኋላ፣ ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል የመላው አገሪቱ ብቸኛ የጨረር ማዕከል ነበር። ከየክልሉ ሪፈር የተጻፈለት ሁሉ ወደዚያው ስለሚመጣ ወረፋው በወራት ይቆጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የአዲስ አበባ ከተማ የካንሰር ምዝገባ ተጀመረ፤ ከ2016 እስከ 2020 የሚዘልቅ ብሔራዊ የካንሰር መቆጣጠሪያ ዕቅድም ወጣ። ኬሞቴራፒ (በአጭሩ ኬሞ፣ ካንሰርን በመድኃኒት ማከም) ጎንደርን፣ ሐዋሳንና መቐለን በመሳሰሉ ከተሞች ባሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች መሰጠት ሲጀምር፣ በጅማም የጨረር መሣሪያ ሲተከል፣ ጫናው በከፊል ተቃሏል። ይሁንና አብዛኛው ሕዝብ ወጣት በሆነበት አገር የተዋቀረ አገልግሎት በመሆኑ ለአረጋውያን የተለየ የካንሰር ክሊኒክ የተለመደ አይደለም፤ የሰባ አምስት ዓመት አዛውንትና የአርባ ዓመት ጎልማሳ በአንድ ወረፋ፣ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ይጠብቃሉ።

ዕድሜ ራሱ በካርዱ ላይ ብዙ ጊዜ በግምት የሚጻፍ ቁጥር ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ የተደራጀ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ስለሆነ፣ ዛሬ በካንሰር ክፍል የሚታዩት አረጋውያን አብዛኞቹ የልደት ማስረጃ የላቸውም፤ ዕድሜያቸው ሲጠየቅ «ንጉሡ ሲወርዱ የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ነበር» ብለው የሚያስሉ እናቶች ጥቂት አይደሉም። ይህ ለሕክምናው ጥራት ቀላል ነገር አይደለም። «ሽምግሏል፣ አይችለውም» ተብሎ ሊጠቅመው የሚችል ሕክምና የሚቀርበት ሰው አለ፤ በተቃራኒው አቅሙ ሳይታይ እንደ ጎልማሳ የመድኃኒቱ ሙሉ መጠን ተሰጥቶት የሚጎዳም አለ። ከሁለቱም ስሕተት የሚያድነው የአረጋዊውን አጠቃላይ አቅም መመርመር ነው። ብቻውን ይለብሳልን? ባለፈው ዓመት ወድቆ ያውቃልን? ስንት ዓይነት መድኃኒት ይወስዳል? ክብደቱ ቀንሷልን? ማስታወሱና ስሜቱስ እንዴት ነው? እ.ኤ.አ. በ2000 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የአረጋውያን ካንሰር ሕክምና ማኅበር ይህን ምርመራ አጥብቆ ይመክራል። ለመነሻ የሚያገለግለው ጂ-8 የተባለው መጠይቅ ስምንት ጥያቄዎች ብቻ አሉት፤ ከጠቅላላው 17 ነጥቦች ውስጥ 14 ወይም ከዚያ በታች ያገኘ ሰው ጠለቅ ያለ ምርመራ ያስፈልገዋል። ከስምንቱ ዕድሜን የሚመለከተው አንዱ ብቻ ስለሆነ፣ ትክክለኛ ዕድሜ በማይታወቅበት አገር ይበልጥ ይጠቅማል ብሎ ማሰብ ይቻላል። «እማማ፣ ገበያ ብቻዎን ደርሰው ይመለሳሉ?» የሚለው ጥያቄ በካርዱ ላይ ከተገመተው ቁጥር የበለጠ ለሐኪሙ ይነግረዋል፤ ለመጠየቅም ውድ መሣሪያ አይፈልግም።

ምርመራው በተግባር ለውጥ እንደሚያመጣ በአሜሪካ የተካሄደ አንድ ትልቅ ጥናት አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆነው ይህ ጥናት ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ ካንሰራቸው የተስፋፋ 718 ታማሚዎችን ያካተተ ሲሆን፣ ሐኪሞቻቸው የአቅም ምርመራው ውጤትና ምክረ ሐሳብ የደረሳቸው ታማሚዎች ዘንድ ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት የደረሰባቸው 51 በመቶው ነበሩ፤ ሐኪሞቻቸው ውጤቱ ባልደረሳቸው ታማሚዎች ዘንድ ግን 71 በመቶው። የመኖር ዕድላቸው በዚህ ምክንያት አልቀነሰም። ዕድሜ ሲገፋ የኩላሊት የማጣራት አቅም ይቀንሳል፣ ደም የሚያመርተው የመቅኔ ክምችትም ይሳሳል፤ ስለዚህ የመድኃኒቱን መጠን ማስተካከል በቀጥታ የታማሚውን ደኅንነት መጠበቅ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ስለ ሕመሙ እውነቱን መንገር ነው። ሐኪሙ ውጤቱን ከታማሚው በፊት ለታላቅ ልጅ ወይም ለወንድም መንገሩ የተለመደ ነው፤ ቤተሰቡም «ለእሳቸው እንዳይነገር፣ ተስፋ ይቆርጣሉ» ብሎ ይለምናል። ልመናው ከፍቅር የመጣ ነው፤ መርዶን በወግ፣ ቀስ ብሎ፣ ሽማግሌ ሰብስቦ የሚያረዳ ማኅበረሰብ ክፉ ወሬን በድንገት መናገር እንደ ጭካኔ ቢቆጥረው አያስደንቅም። ሆኖም ኬሞው የሚወርደው በአባትየው ደም ሥር ነው፤ በሕክምና ሥነ ምግባርም ፈቃድ የሚጠየቀው ታማሚው ራሱ ነው። ታማሚው አማርኛ የማይናገር ሲሆን ችግሩ ይብሳል፤ የሚያስተረጉመው ያው ምሥጢሩን የደበቀው ልጅ ስለሆነ ሐኪሙ የተናገረው ለአረጋዊው ምን ሆኖ እንደደረሰ ማወቅ አይችልም። ብዙ ሽማግሌዎች ሳይነገራቸውም ያውቃሉ፤ ልጆቻቸውን ላለማስጨነቅ ብለው ያላወቁ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ወገን በየፊናው ብቻውን ያዝናል። ጥሩ ልምድ ያላቸው ሐኪሞች የሚከተሉት መንገድ በመጀመሪያ አረጋዊውን ስለ ሕመማቸው ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልጉና ማን አብሮ እንዲሰማ እንደሚሹ መጠየቅ ነው። «ለልጄ ንገሩት፣ እኔ ይበቃኛል» ካሉ ያም የእሳቸው ውሳኔ ነው። ይህ ውይይት ጸጥ ያለ ክፍልና በቂ ደቂቃ ይፈልጋል፤ በተጨናነቀ የተመላላሽ ክፍል የሚጠፉት ደግሞ እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ሕመምን ማስታገስ ሌላው የጥራት መለኪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው የሕመም ማስታገሻ መሰላል (እንደ ሕመሙ ጽናት ከቀላል ወደ ጠንካራ መድኃኒት የሚያሸጋግር መመሪያ) ለጽኑ የካንሰር ሕመም ሞርፊንን ይመክራል፤ በአገራችን ግን አቅርቦቱ የሚቆራረጥበት ጊዜ አለ፤ «ሱስ ያስይዛል» የሚለው ፍርሃትም ከቤተሰብ አልፎ በባለሙያው ዘንድ ይገኛል። አረጋውያን ደግሞ ሕመምን መቻል ወግ አድርገው ስላደጉ ካልተጠየቁ አይናገሩም፤ ነርሷ በየጊዜው ካልጠየቀች ዝምታቸው እንደ ደኅንነት ይቆጠራል። ለእነርሱ ሞርፊን በአነስተኛ መጠን ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨመራል፤ የሆድ ድርቀት እንዳያስቸግራቸውም የሆድ ማለስለሻ አብሮ ይታዘዛል። እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ በታማሚዎች ቤት እየሄደ የማስታገሻ ሕክምና (ሥቃይን የሚያቀል ሕክምና) በመስጠት ፈር ቀዷል። የማስታገሻ ሕክምና የመጨረሻው ሰዓት ሥራ ብቻ እንዳልሆነም እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የአሜሪካ ጥናት አመልክቷል፤ የተስፋፋ የሳንባ ካንሰር ካለባቸው ታማሚዎች መካከል የማስታገሻ ሕክምናን ከጅምሩ ያገኙት በአማካይ 11.6 ወር፣ ሌሎቹ 8.9 ወር ኖረዋል።

ምግብን በተመለከተ፣ ብዙ ኦርቶዶክሳውያን አረጋውያን በኬሞ መካከልም ጾም አይፈቱም፤ ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን ብትፈቅድም የነፍስ አባታቸው ካልነገሯቸው ልባቸው አይረጋም። ሐኪሙ የነፍስ አባትን ለመጥራት ካልተጠየፈ ነገሩ ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ይፈታል።

ወጪው ቤተሰብን ያናጋል። እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ለብዙ የገጠር ቤተሰብ ቢደርስም፣ መድኃኒቱ በሆስፒታሉ ከሌለና ከግል ፋርማሲ ከተገዛ ገንዘቡ ከኪስ ይወጣል። ትራንስፖርት፣ ማደሪያና የአስታማሚው የቀረ የሥራ ቀን በማንም ደረሰኝ ላይ አይሰፍሩም። ለሳምንታት የሚዘልቅ የጨረር ሕክምና ከሩቅ ለመጣ ሰው በሬ ወይም መሬት እስከ መሸጥ ያደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክልል ለሚመጡ ችግረኛ ታማሚዎች ማረፊያና ድጋፍ በመስጠት ክፍተቱን በከፊል ይሸፍናል።

የቤተሰብን እርካታ የሚለካ መጠይቅም አለ። ፋምኬር የሚባለው፣ ሃያ ጥያቄዎች ያሉት መለኪያ ቤተሰቡ ስለ ሕመሙ በተሰጠው መረጃ፣ በሕመም ማስታገሻው ፍጥነትና በሐኪሙ መገኘት ምን ያህል እንደረካ ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ልኬት በሚሠራበት ጊዜ ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ አልጋ በማግኘቱ ብቻ የሚያመሰግን ሰው «ሁሉም ጥሩ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልን» ይላል፤ ስለዚህ ከእርካታው ይልቅ የሆነውን ነገር መጠየቅ፣ ለምሳሌ ማስታገሻው ከስንት ሰዓት በኋላ እንደተሰጠ ማጣራት፣ እውነቱን ይበልጥ ያወጣል።

የሕክምናው የመጨረሻ ክፍል ከሆስፒታል ውጭ ይፈጸማል። አስከሬን ወደ ሩቅ አገር ማጓጓዝ እጅግ ውድ ስለሆነና በአገር ቤት፣ በዘመድ መካከል መሞት ስለሚመረጥ፣ ቤተሰቡ አረጋዊውን ገና በሕይወት ሳሉ ይዞ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው የተሠማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በሩ ድረስ የሚደርሱ ቢሆኑም በእነርሱ በኩል የሚሰጥ የማስታገሻ ሕክምና ገና አልተስፋፋም። ስለዚህ ታማሚው ሲሸኝ መውጫ ወረቀቱ የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት አስታማሚው በሚያነበው ቋንቋ መያዝ አለበት፤ ሕመሙ ቢጠና ወይም መቃዠት ቢጀምር ምን እንደሚደረግ፣ ሞርፊኑ ሲያልቅ ከየትኛው ቅርብ ሆስፒታል እንደሚገኝ፣ በምን ስልክ ቁጥር ነርስ ማነጋገር እንደሚቻልም ተጽፎበት፣ አስታማሚው ግቢውን ከመልቀቁ በፊት የተረዳውን በራሱ አንደበት መልሶ እንዲያስረዳ ሊጠየቅ ይገባል።