ወተት ለማይስማማቸው ሰዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ላክቶስ የወተት ስኳር ነው። ሰውነት የሚጠቀምበት በትንሹ አንጀት ውስጥ ላክቴዝ የተባለው ኢንዛይም ወደ ግሉኮስና ጋላክቶስ ሲከፍለው ነው። ኢንዛይሙ ካነሰ ስኳሩ ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። እዚያ ውሃ ይስባል፣ ባክቴሪያዎችም እያብላሉት ጋዝ ያወጣሉ። የሆድ መነፋቱ፣ ቁርጠቱና ተቅማጡ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ይህም የላክቶስ አለመስማማት ይባላል።

«የወተት አለርጂ ማለት ነው»

በፍጹም! ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ስህተት ይህ ነው። አለርጂ የሰውነት መከላከያ በወተት ፕሮቲን ላይ የሚያስነሳው ቁጣ ነው፤ በጣም ጥቂት ወተት እንኳ የከንፈር እብጠትና የትንፋሽ ማጠር ሊያመጣ፣ ሕይወትንም አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። የላክቶስ አለመስማማት ግን ያሠቃያል እንጂ አይገድልም። «ላክቶስ የሌለው» የተባለ ወተት ፕሮቲኑ እንዳለ ስለሆነ አለርጂ ላለበት ሰው ፈጽሞ መሰጠት የለበትም።

«ያልተለመደ በሽታ ነው»

ከዓለም ሕዝብ ሁለት ሦስተኛ ገደማ የሚሆነው ከሕፃንነት በኋላ ላክቶስ የመፍጨት አቅሙ ይቀንሳል። ይህ ተፈጥሯዊ ነው፤ ሁሉም ደግሞ ሕመም አይሰማውም።

«ወተትና የወተት ተዋጽኦ እስከ መጨረሻው መተው ግድ ነው»

ብዙዎች ሳያስፈልግ ራሳቸውን የሚቀጡት እዚህ ላይ ነው። ወሳኙ መጠኑ ነው። አብዛኞቹ በአንድ ጊዜ እስከ 12 ግራም ላክቶስ፣ ማለትም አንድ ብርጭቆ ወተት ገደማ፣ ያለ ብዙ ችግር ይቋቋማሉ፤ ከምግብ ጋር ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይቀላል። እርጎ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ላክቶሱን በመፍጨት ያግዛሉ። ለወራት የቆየ ደረቅ ቺዝ ውስጥ የሚቀረው ላክቶስ ኢምንት ነው። ጨርሶ የሚተው ሰው ግን ካልሲየም ከሌላ ምግብ ማግኘት አለበት።

«የፍየል ወተት ወይም የፈላ ወተት ይሻላል»

የፍየል ወተትም ከላም ወተት ጋር የሚቀራረብ ላክቶስ አለው። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ስኳሩን አያጠፋም።

«ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ጡት መጥባት ያቁም»

ይህን የሚመክር ሰው ካለ አትስሙት። ከተቅማጥ በኋላ ላክቴዝ ለጊዜው ሊቀንስ ይችላል፤ አንጀቱ ሲያገግም ግን ይመለሳል። የእናት ጡት ይቀጥል፤ ፈሳሽ እንዳያንሰውም ከጡቱ ጋር የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ይሰጠው።

በሰገራ ላይ ደም ከታየ፣ ክብደት ያለ ምክንያት ከቀነሰ ወይም ትኩሳት ካለ ጥፋቱን ላክቶስ ላይ ጥሎ መቀመጥ አይገባም፤ ሐኪም ሌላ መንስኤ መፈለግ አለበት።