«ቀለም አይዘልቀውም» ከማለት በፊት፦ ስለ ልጆች ትምህርት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ካርድ በሚወጣበት ሰሞን በየቤቱ የሚባለው ይታወቃል፦ «ስንተኛ ወጣ?»፣ «ይሄ ልጅ ሰነፍ ነው»፣ «አስጠኚ ይቀጠርለት»። ወላጅ ይጨነቃል፣ ካለውም ላይ ያወጣል። ልጁ የቱ ጋ እንደተያዘ ሳይታወቅ የሚወጣው ገንዘብና የሚወርደው ቁጣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሜዳ ላይ ይቀራል። ከታች የምናነሣቸው ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ስላሉ ልጆች ደጋግመው የሚሰሙ አባባሎች ናቸው።

«ልጁ ቀለም አይዘልቀውም»

ይህ ፍርድ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ዓይኑና ጆሮው ሳይታይ ነው። ልጅ በታጨቀበት ክፍል ከኋላ የተቀመጠና ሩቅ የማይታየው ልጅ ሰሌዳውን ትቶ ከጓደኛው ደብተር ይገለብጣል። መምህሩ «ይረብሻል» ይለዋል። ልጁ ራሱ «አይታየኝም» አይልም፤ ሰው ሁሉ እንደ እሱ የሚያይ ይመስለዋል።

እቤት የሚሠራ ቀላል ሙከራ አለ። ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ 6 ሜትር ያህል አርቁትና አንድ ዓይኑን ሳይጫን በመዳፉ ሸፍኖ ቁጥሮቹን ያንብብ፤ ከዚያ በሌላኛው። ደህና የሚያይ ሰው ከዚያው ቦታ የሚያነበውን እሱ ካቃተው፣ ወይም ሁለቱ ዓይኖቹ ከተለያዩ፣ ሐኪም ይየው። (መነጽር ዓይን ያሰንፋል የሚባለው እውነት አይደለም።) ለጆሮ ደግሞ ከንፈራችሁን እንዳያይ ከጀርባው በአንድ ክንድ ርቀት ቁሙ፤ አንዱን ጆሮውን በጣቱ ይድፈን፣ እናንተ በሹክሹክታ «ሰባት፣ ድመት፣ አራት» በሉ፣ እሱ ይድገም። ጆሮው መግል የሚያወጣ ልጅ «ሲያድግ ይተወዋል» ተብሎ መተው የለበትም፤ መስማቱን ሊቀንስበት ይችላል።

እንቅልፍም አለ። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት። ሰርቪስ ስለሚይዘው ንጋት 12 ሰዓት የሚነሣ ልጅ ቢዘገይ ቢዘገይ ማታ 3 ሰዓት ላይ መተኛት አለበት ማለት ነው። ተከታታይ ድራማው የሚያልቀው ስንት ሰዓት እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። ሻይ ብቻ ጠጥቶ የወጣ ልጅም ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ቢፈዝ አይፈረድበትም።

«ሀሁ ጨርሷል፣ ማንበብ ይችላል»

ብዙ ልጅ የሚጠፋው እዚህ ጋ ነው፤ ስለዚህ ረዘም እናድርገው።

ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በዜማ የሚወርደው ልጅ ያወቀው ዜማውን ሊሆን ይችላል። ለማረጋገጥ 20 ያህል ፊደላት አዘበራርቃችሁ ጻፉና ጠይቁት፦ ሙ፣ ር፣ ጬ፣ ድ፣ ሎ… ካዕብና ሣልስ (እንደ ሉ እና ሊ ያሉት) ብዙም አያስቸግሩም፤ ካዕብ ከጎን፣ ሣልስ ከእግር ሥር ስለሚቀጠል ምልክታቸው ከሞላ ጎደል ወጥ ነው። ልጆች የሚሰናከሉት ሳድስና ሳብዕ (እንደ ል እና ሎ ያሉት) ላይ ነው። ል፣ ም፣ ር፣ ን፣ ድን የሚያመሳስላቸው ምልክት የለም፤ እያንዳንዳቸው ለየብቻ መያዝ አለባቸው።

ሳድስ ሌላም ጣጣ አለው፤ አንዴ ይሰማል፣ አንዴ ይዋጣል። «ትምህርት» የሚለውን ቃል እዩት፤ አምስቱም ፊደላት ሳድስ ናቸው። ፊደል ብቻ የያዘ ልጅ አምስቱንም አንድ በአንድ ይጠራቸዋል፣ የጠራቸውም ቃሉን አይሰጡትም። ማንበብ የለመደው «ትም–ህርት» ብሎ በሁለት ቁራጭ ያልፈዋል። መጥበቅና መላላትም አይጻፍም። «ዋና» ወንዝ ውስጥ የሚዋኘው ይሁን «ዋናው ጉዳይ» የምንለው፣ የሚለየው ከዐረፍተ ነገሩ ነው። እየተንገዳገደ የሚያነብ ልጅ ዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያው ስለሚጠፋበት አንብቦም አይገባውም። ከፍ ያለ ክፍል ላይ በሳይንስና በኅብረተሰብ የሚወድቅ፣ በሒሳብም የቃላት ጥያቄ ሲመጣ ብቻ የሚሳሳት ልጅ ካላችሁ መጀመሪያ ንባቡን ጠርጥሩ።

ከክፍሉ የአማርኛ መጽሐፍ ቀድሞ ያላነበበውን አንድ አንቀጽ አውጡና ለአንድ ደቂቃ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ የሳታቸውን ቃላት በእርሳስ ቁጠሩ። ሲጨርስ ስላነበበው ሦስት ጥያቄ ጠይቁት። ከ10 ቃል ውስጥ ከ1 በላይ ከሳተ ጽሑፉ ለጊዜው ከብዶታል፤ አንድ ክፍል ዝቅ ያለ መጽሐፍ ይያዝ። ከታናሽ እኅቱ መጽሐፍ ሲያነብ ግን ማንም እንዳይስቅበት።

ከዚያ በየቀኑ 15 ደቂቃ ይበቃል። የመጀመሪያውን 5 ደቂቃ ለሚሳሳትባቸው አምስት ፊደላት ብቻ አውሉት፣ ሁሉንም ገበታ አትጀምሩ። ቀጣዩን 5 ደቂቃ ያንኑ አንድ አጭር አንቀጽ ሦስት ጊዜ ያንብበው፤ ሦስተኛው ላይ ሲፈጥን ለራሱም ይሰማዋል። የቀረውን እናንተ አንብቡለትና አውሩ። ስሕተት የሚፈጠረው እርማት ላይ ነው፦ ገና «ተ…» ሲል ወላጅ ቃሉን ቀምቶ ይጨርስለታል። አምስት ያህል ሰከንድ ጠብቁ፤ ብዙውን ጊዜ ራሱ ያርመዋል። ማንበብ የማትችል እናትም ሥራ አላት፤ ጮክ ብሎ ሲያነብላት ትስማና «ከዚያስ? ለምን እንዲህ አደረገ?» ትበለው። መልሱ ካልተገናኘ ንባቡም አልተገናኘም።

በቃል ሲነገረው ሁሉን የሚረዳ ልጅ እንዲህ ሦስት ወር ያህል ተሠርቶለት ፊደላቱ አሁንም ከተምታቱበት፣ ዲስሌክሲያ የሚባለው የንባብ ችግር ሊኖርበት ይችላል። ከአእምሮ ማነስ ጋር አይገናኝም። የልዩ ፍላጎት መምህር ባለበት ትምህርት ቤት ምርመራ ጠይቁ፤ እስከዚያው ፈተናው በቃል እንዲሆንለት ወይም ተጨማሪ ጊዜ እንዲሰጠው ከክፍል ኃላፊው ጋር ተነጋገሩ።

«ካልተመታ አይነቃም»

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። «እኛም በአርጩሜ ነው የተማርነው» የሚለው ግን እስካሁን አልቆመም።

ሕጉን እንተወውና ሥራውን እንይ። አንድ የ3ኛ ክፍል ልጅ 403 − 178ን 375 ብሎ ሠራ እንበል። ደብተሩ ላይ «ኤክስ» ይደረግበታል፣ እቤት ኩርኩም ይከተላል፣ «አስብ!» ይባላል። ልጁ ግን አስቧል። በየዓምዱ ትንሹን ቁጥር ከትልቁ ቀነሰ፦ 3ን ከ8፣ 0ን ከ7፣ 1ን ከ4። ደንብ አለው፣ ደንቡ ነው የተሳሳተው። ኩርኩም ይህን ደንብ አያርምም፤ «እንዴት እንዳገኘኸው አሳየኝ» የሚል ጥያቄ ግን በግማሽ ደቂቃ ያወጣዋል። ከዚያ አራት ባለ መቶ ብርና ሦስት ባለ አንድ ብር ሳንቲም ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። 178 ብር ክፈለኝ ሲባል መዘርዘር ግድ ይሆንበታል፦ አንዱ መቶ ወደ አሥር ባለ አሥር፣ ከአሥሮቹ አንዱ ወደ አሥር ባለ አንድ ብር። እጁ ላይ 3 መቶ፣ 9 አሥርና 13 ባለ አንድ ብር ይሆናል። ከፍሎ የሚቀረውን ሲቆጥር 225 ነው።

የፈራ ልጅ ይህን መከተል አይችልም፤ ቁጥሮቹን የሚይዝበትን የአእምሮ ቦታ ዱላውን መጠበቅ ይወስድበታል። ውሎ አድሮ የሚማረው መደበቅ ነው፦ የፈተና ወረቀት ይቀደዳል፣ የአባት ፊርማ ይኮረጃል፣ የቤት ሥራ ጠዋት ሰልፍ ላይ ከጓደኛ ይገለበጣል። ሥርዓት ያስፈልጋል፣ ያለ ጥርጥር። የቤት ሥራ ሰዓትና ቦታ በየቀኑ አንድ ይሁን፣ ስልክ ሌላ ክፍል ይቀመጥ፣ ካልሠራ ምን እንደሚቀርበት ቀድሞ ይወቅ። በቁጣ ሰዓት የሚፈለሰፍ ቅጣት ሥርዓት አይባልም።

«ብዙ ሰዓት ያጠና ያልፋል»

ደብተር ላይ አቀርቅሮ አራት ሰዓት የሚቀመጥ ልጅ ወላጅን ደስ ያሰኛል። አብዛኛው ሰዓት የሚያልቀው ግን ያንኑ ገጽ ደጋግሞ በማንበብ ነው፤ ሽምደዳ። ገጹ ስለተለመደ «አውቄዋለሁ» ያሰኛል፣ ፈተና ላይ ገጹ የለም። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል፦ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ጽሑፉን ሳያዩ ለማስታወስ የሞከሩት በለጡ።

አሠራሩ ቀላል ነው፣ ይከብዳል እንጂ። አንድ ርእስ ያንብብ፣ ደብተሩን ይክደን፣ ባዶ ወረቀት ላይ ያስታወሰውን ሁሉ ይጻፍ። ከዚያ ደብተሩን ከፍቶ የረሳውን በቀይ ይሙላ። ቀዩን ብቻ በነጋታው፣ ከዚያ ከሦስት ቀን፣ ከዚያ ከሳምንት በኋላ እንዲሁ ይሞክር። የመጀመሪያው ቀን ወረቀቱ በቀይ ይሞላል፤ ልጁ ተስፋ ቆርጦ ወደ ሽምደዳው የሚመለሰው ያኔ ስለሆነ አጠገቡ ሁኑ። ለትንንሾቹ 15፣ ለከፍ ያሉት 25 ደቂቃ አጥንቶ አምስት ደቂቃ መነሣት ይበቃል። ለፈተና ዋዜማ ሌሊቱን ማደር የሚበላው ያጠናውን ነው።

«አስጠኚ ከተቀጠረ አለቀ»

አስጠኚው የቤት ሥራውን ከሠራለት አዎ፣ የዚያ ቀን የቤት ሥራ አለቀ። ደብተሩ በ«ራይት» ይሞላል፣ ሚድ ፈተና ሲመጣ ውጤቱ እንደነበረው ነው። ከመቅጠራችሁ በፊት «የመጀመሪያውን ሳምንት ምን ታደርጋለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ጥሩው ያለፉትን ፈተናዎች አይቶ የት ጋ እንደተያዘ እንደሚፈልግ ይነግራችኋል። እርሳሱ በማን እጅ እንዳለም እዩ፤ አብዛኛውን ጊዜ አስጠኚው እጅ ከሆነ ገንዘባችሁን እየከፈላችሁ ያላችሁት ለእሱ ልምምድ ነው።

«እቤት እንግሊዝኛ ብቻ እናውራ»

እንደ ክልሉ ቢለያይም በ7ኛ ወይም በ9ኛ ክፍል ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ስለሚዞር ፍርሃቱ ይገባናል። ነገር ግን ወላጅ በማይመቸው ቋንቋ ሲያወራ ወሬው «ካም»፣ «ኢት»፣ «ስሊፕ» ላይ ይቀራል። ልጁ ምክንያት ሲብራራ፣ ታሪክ ሲነገር፣ ክርክር ሲካሄድ አይሰማም። ክፍልፋይ ምን እንደሆነ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ የገባው ልጅ በእንግሊዝኛ የሚቀረው ስሙን መማር ነው። በየትኛውም ቋንቋ ያልገባው ሁለቱንም ያጣል። በምትችሉት ቋንቋ በሙሉ አፋችሁ አውሩ፤ እንግሊዝኛውን በየቀኑ 15 ደቂቃ በሚመጥነው መጽሐፍ ይለማመድ። ዋሽንግተን አካባቢም ሆነ እስራኤል ልጅ ለሚያሳድጉ ይኸው ይሠራል፤ የአገሩን ቋንቋ ትምህርት ቤት ይሰጠዋል፣ አማርኛውን ግን ከቤት ውጭ የሚሰጠው ብዙ የለም።

«ስንተኛ ወጣ?»

ደረጃ የሚነግራችሁ ከክፍል ጓደኞቹ አንጻር ያለበትን ብቻ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ነበሩ። ከወደቁት መካከል ስንት «ከአንድ እስከ አሥር» የወጡ ልጆች እንደነበሩ መገመት አይከብድም። ከካርዱ ይልቅ የፈተና ወረቀቱን ጠይቁና የሳተውን በአራት ክፈሉት፦ ያላወቀው፣ እያወቀ ጥያቄውን ያላነበበው፣ ስሌት የሳተበት፣ ጊዜ ያለቀበት። ተጨማሪ ጥናት የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ብቻ ነው።

«ጎበዝ ስንለው ይበረታታል»

ይበረታታል፣ እስኪከብደው ድረስ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሙለርና ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጥናት ብልህነታቸው የተወደሰላቸው ልጆች ከባድ ጥያቄ ገጥሟቸው ሲሳሳቱ ጥረታቸው ከተወደሰላቸው ቶሎ ተስፋ ቆርጠዋል። ያደረገውን ጠርታችሁ አመስግኑ፦ «መጀመሪያ ስተኸው፣ ተመልሰህ በሌላ መንገድ ሞከርከው»።

«ልጅ ምን ሐሳብ አለበት?»

እሑድ ማታ ወይም ሰኞ ጠዋት ሆዱን የሚያመውና ቅዳሜ የማያመው ልጅ ብዙ ጊዜ አስመሳይ አይደለም፤ ጭንቀት ሆድ ያማል። ሐኪም አይቶት ምንም ካልተገኘበት ትምህርት ቤት ውስጥ የሚያስፈራውን ፈልጉ፦ ሰርቪስ ላይ የሚመታው ልጅ፣ ጮክ ብሎ እንዲያነብ የሚያስገድደው ክፍለ ጊዜ፣ በር የሌለው ሽንት ቤት። «ትምህርት እንዴት ነበር?» ስትሉት «ጥሩ» ይላችኋል፤ ጥያቄው ያንን ነው የሚጋብዘው። «ዛሬ በእረፍት ከማን ጋር ነበርክ? ክፍል ውስጥ ማን ተቆጣ?» በሉት፤ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ሳይሆን መንገድ ላይ ወይም ሽንኩርት እየላጣችሁ። ሲናገር «ይሄማ ምን አለው» ካላችሁት ሁለተኛ አይነግራችሁም። «ፈርተሃል ማለት ነው» ብላችሁ ዝም በሉ፣ ይቀጥላል። ከቤት ማስቀረት ግን ፍርሃቱን ያሳድገዋል፤ ከመምህሩ ጋር ተነጋግራችሁ ለጊዜው ሁለት ክፍለ ጊዜም ቢሆን ይግባ።

እናቱ ዓረብ አገር ሄዳ ከአያቱ ጋር የቀረ፣ ወላጅ የሞተበት ወይም ከመኖሪያው የተፈናቀለ ልጅ ውጤቱ በድንገት ቢወርድ ስንፍና አትበሉት። ከሩቅ የምትደውል እናት በዘፈቀደ ከምትደውል ቀንና ሰዓት ቆርጣ ብትደውል ይሻላል፤ ልጁ የሚይዘው ነገር ያገኛል። ለክፍል ኃላፊው መምህርም ሁኔታው ይነገረው፤ ዝርዝሩ ባይነገርም «ቤት ውስጥ ከባድ ነገር አለ» ማለት ብዙ ቁጣ ያስቀራል።

ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍና ምግብ እንቢ ካለ፣ ከጨዋታ ከራቀ ወይም ትቶት የነበረውን አልጋ ላይ መሽናት እንደገና ከጀመረ የጤና ባለሙያ ይየው። «ሞቼ በተገላገልኩ» ካለ ግን አንድ ቀን አታሳድሩ፤ ብቻውን ሳትተዉት የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወዳለው ሆስፒታል በዚያው ቀን ውሰዱት።