«አንበሳው ጋ እንገናኝ» — የትኛው አንበሳ?

ባለፈው ከአንድ ጓደኛዬ ጋር «አንበሳው ጋ» ተባብለን ተቀጣጠርን። ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩት፤ እሱም ግማሽ ሰዓት ጠበቀኝ። እኔ ብሔራዊ ቲያትር ፊት ለፊት ነበርኩ፣ እሱ ለገሃር። ሁለታችንም የአዲስ አበባ ልጆች ነን። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይኼ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ከተማችን ሐውልቶች የምንላቸውን ነገሮች ልብ ማለት ጀመርኩ።

«አንበሳ አንበሳ ነው፤ ሁለቱም አንድ ናቸው»

አይደሉም። የለገሃሩ የነሐስ ሥራ ነው። የቀረጸው ዦርዥ ጋርዴ የተባለ ፈረንሳዊ ሲሆን የቆመው በ1923 ዓ.ም በአጼ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ሰሞን ነው። ጠጋ ብሎ ያየ ሰው መቆሚያው ላይ የነገሥታትና የመኳንንት ምስሎች ያገኛል። የብሔራዊ ቲያትሩ ደግሞ የድንጋይ ነው፤ ለ25ኛ ዓመት የንግሥ በዓል ሞሪስ ካልካ የሠራው። ጋርዴም ካልካም ፈረንሳውያን ናቸው፤ ሥራቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። የጋርዴ ጡንቻው ሳይቀር እውነተኛ አንበሳ ይመስላል። የካልካ ማዕዘን ማዕዘን የበዛበት፣ በመጥረቢያ የተጠረበ የሚመስል ዘመናዊ ሥራ ነው። እኔ ለካልካ አደላለሁ። ጓደኛዬ ግን «አንበሳ አይመስልም» ብሎ ይከራከረኛል።

«ሐውልት ከቆመበት አይነቃነቅም»

የኛዎቹ ከብዙዎቻችን በላይ ተጉዘዋል። የለገሃሩን አንበሳ ጣልያን በወረራው ጊዜ ዘርፎ ሮም ወሰደው። ዘርዓይ ደረስ ሰይፉን የመዘዘው እዚያ፣ በዚሁ አንበሳ ፊት ነው ይባላል። አንበሳው በጃንሆይ ዘመን ወደ ቤቱ ተመለሰ። የአራዳ ጊዮርጊሱን የአጼ ምኒልክ ሐውልትም ጣልያን አንስቶ ቀብሮት ነበር፤ ተመልሶ የቆመው ከነጻነት በኋላ ነው። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ደግሞ በኛው ዘመን፣ በ2005 ዓ.ም፣ ለባቡሩ ሥራ ተነስቶ በ2008 ተመለሰ። በየቀኑ እዚያ ጋ ታክሲ የሚይዝ ሰው «ተነስቶ ነበር እንዴ?» ሲለኝ ግን ምን እንደምመልስለት ጠፋኝ።

«ስድስት ኪሎ? አደባባይ ነው እኮ»

አዎ፣ አደባባይ ነው። ግን መኪናው ሲቆም ቀና በሉ። መሐሉ ላይ የቆመው የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ዙሪያውን የነሐስ ቅርጾች አሉት፤ የሠሯቸው አውግስቲንቺችና ክርሺኒች የተባሉ የዩጎዝላቪያ ቀራጺዎች ናቸው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ በከተማው ሕዝብ ላይ የወረደው መከራ እዚያ ላይ ተቀርጿል። ቦምቡ የተወረወረው ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ በሆነው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ነው። እዚያው ግቢ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። ጣልያኖች የፋሺስት አገዛዛቸውን ዓመታት እየቆጠሩ የደረደሩት ነው። ዛሬ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። ደረጃውን ከማፍረስ ይልቅ አንበሳ ማስቀመጥ! በዚህች ከተማ ካየሁት መልስ ሁሉ እንደዚህ ያስደሰተኝ የለም።

«ትልልቁን የሠሩት ፈረንጆች ናቸው»

እስካሁን የጠራኋቸውን ቀራጺዎች ብቻ ያየ ሰው እውነት ቢመስለው አይፈረድበትም። ግን የአፍሪካ አዳራሽ ባለቀለም መስታወት የኛው ሠዓሊ የአፈወርቅ ተክሌ ነው። ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር ነው። በሦስት ክፍል የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ያሳያል። አፈወርቅ ሲሠራው ገና ወጣት ነበር። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው በዚሁ አዳራሽ ነው። ሥራውን ቀረብ ካለ ቦታ ማየት የፈለገ ደግሞ አራዳ ጊዮርጊስ ካቴድራል ውስጥም ያገኘዋል።

«ሐውልት ማየት ጊዜም ብርም ይጠይቃል»

ለገሃርና ብሔራዊ ቲያትር በእግር የደቂቃዎች መንገድ ናቸው። ያን ቀን ጓደኛዬን ለመፈለግ ስሄድ ያረጋገጥኩት ነው። አሁን «ነሐሱ ጋ» ወይም «ድንጋዩ ጋ» ተባብለን ነው የምንቀጣጠረው። እሱ አሁንም ያረፍዳል።