የዝውውር ብቁነት ምንድን ነው? የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርተኛ ትምህርት ቤት ሲቀይር መቼ መጫወት ይችላል?

ዲሴምበር 13 ቀን 2023 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የፌዴራሉ ዳኛ ጆን ፕሬስተን ቤይሊ በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት፣ ተዛውረው የመጡ የኮሌጅ ስፖርተኞችን ከጨዋታ በሚያስቀምጠው ደንብ ላይ አንድ ጊዜያዊ እግድ ሰጡ። እግዱ ካገለገላቸው ወጣቶች አንዱ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ሬይኳን ባትል ነበር። ባትል የኮሌጅ ሕይወቱን በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ወደ ሞንታና ስቴት ተዛወረ፤ በ2023 ደግሞ ወደ ዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ዝውውሩ ሁለተኛው በመሆኑ ብቻ አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ሳይጫወት እንዲቀመጥ ተወስኖበት ነበር። በሞንታና ስቴት ያሠለጥኑት የነበሩት ዳኒ ስፕሪንክል ግን በዚያው በ2023 ወደ ዩታ ስቴት ሄደው ወዲያው ሥራ ጀምረዋል፤ ዓመት ሳይሞላቸውም ከዚያ ተነሥተው ወደ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ አምርተዋል። አሠልጣኙን “አንድ ዓመት ተቀመጥ” ያላቸው አልነበረም፤ የተባለው ተማሪው ነው።

የዝውውር ብቁነት የሚባለው ይህን ጉዳይ የሚገዛው ደንብ ነው። በአሜሪካ ማንኛውም ተማሪ ኮሌጁን ለቅቆ ሌላ ኮሌጅ መግባት ይችላል፤ ይህን የሚከለክል ሕግ ኖሮ አያውቅም። ክርክሩ የተነሣው ከዚያ በኋላ በሚመጣው ጥያቄ ላይ ነው፤ ተማሪው በአዲሱ ኮሌጅ መለያ ለብሶ ሜዳ መግባት የሚፈቀድለት መቼ ነው? መልሱን የሚሰጠው ዋና መሥሪያ ቤቱ ኢንዲያናፖሊስ የሚገኘውና በምኅጻር ኤንሲኤኤ ተብሎ የሚታወቀው ብሔራዊ የኮሌጆች አትሌቲክስ ማኅበር ነው። ማኅበሩ በ1906 ተመሠርቶ ዛሬ ወደ 1,100 የሚጠጉ ኮሌጆችንና ከ500,000 በላይ ስፖርተኞችን ያስተዳድራል። እዚህ የምንነጋገረው በላይኛው እርከኑ፣ ማለትም በዲቪዥን አንድ ስላለው ደንብ ነው።

የቀድሞው ደንብ ከባድ ነበር። በአሜሪካን ፉትቦል፣ በወንዶችና በሴቶች ቅርጫት ኳስ፣ በቤዝቦል እና በወንዶች አይስ ሆኪ የሚወዳደር ተማሪ ከተዛወረ በአዲሱ ትምህርት ቤት እየተማረና እየተለማመደ፣ ነገር ግን ሳይጫወት አንድ ዓመት መቀመጥ ነበረበት። በሩጫ፣ በዋና፣ በእግር ኳስ እና በሌሎቹ ስፖርቶች ግን የቀድሞው ትምህርት ቤት እስካልተቃወመ ድረስ ተማሪው አንድ ጊዜ ያለ ቅጣት መዛወር ይችል ነበር። ማኅበሩ ለመቀመጥ ግዴታው ይሰጥ የነበረው ምክንያት ትምህርታዊ ነበር፤ ተማሪው አዲሱን አካባቢ ይልመድ፣ ትምህርቱን ያደላድል፣ አሠልጣኞችም አንዱ የሌላውን ተጫዋች እንዳይነጥቁ ይሁን የሚል ነው። ምክንያቱ መናቅ የለበትም። ሆኖም አዲስ አካባቢ መልመድ ለቅርጫት ኳስ ተጫዋች አንድ ዓመት የሚፈጅ፣ ለዋናተኛ ግን ምንም የማይፈጅበት ሁኔታ ሊኖር አይችልም። ግዴታው የተጫነባቸው ስፖርቶች ትኬትና የቴሌቪዥን ገንዘብ የሚያስገቡት፣ ጥቁር ተማሪዎችም በብዛት የሚጫወቱባቸው ፉትቦልና ቅርጫት ኳስ ያሉባቸው ናቸው። ይህን ልዩነት ማኅበሩ አሳማኝ በሆነ መንገድ አስረድቶ አያውቅም።

ከ2018 በፊት ደግሞ የአሠልጣኙ ፈቃድ የሚባል ነገር ነበር። ተማሪው ሌላ ኮሌጅ እንዲያነጋግረው ከፈለገ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት፤ አሠልጣኙም “ወደ እነዚህና እነዚህ ትምህርት ቤቶች መሄድ አትችልም” ብሎ ዝርዝር ሊያወጣ ይችል ነበር። ፈቃድ የተከለከለ ተማሪ በሚሄድበት ኮሌጅ በመጀመሪያው ዓመት የስፖርት ስኮላርሺፕ ስለማያገኝ፣ አቅም ለሌለው ቤተሰብ ክልከላው በሩን ከመዝጋት አይለይም ነበር።

ደንቡ በአንድ ቀን አልፈረሰም። በ2006 የመጀመሪያ ዲግሪውን የጨረሰ ተማሪ ለድኅረ ምረቃ ሌላ ኮሌጅ ሲገባ ሳይቀመጥ እንዲጫወት ተፈቀደ። የፉትቦል ተጫዋቹ ራስል ዊልሰን በ2011 ከኖርዝ ካሮላይና ስቴት ወደ ዊስኮንሲን ሄዶ የተጫወተው በዚህ መንገድ ነው። ኦክቶበር 2018 ትራንስፈር ፖርታል የተባለው መዝገብ ሥራ ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ ፈቃድ መጠየቅ ቀርቶ ማሳወቅ ብቻ ሆነ። ተማሪው ለመዛወር መፈለጉን በጽሑፍ ለትምህርት ቤቱ ይገልጻል፤ ትምህርት ቤቱም በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ ስሙን መዝገቡ ላይ ማስፈር ነበረበት። ስሙ ከሰፈረበት ሰዓት ጀምሮ የሌሎች ኮሌጆች አሠልጣኞች ሊያነጋግሩት ይችላሉ። ይሁን እንጂ ይህች አንዲት ደብዳቤ ዋጋ አላት፤ የቀድሞው ትምህርት ቤት ስኮላርሺፑን በሴሚስተሩ መጨረሻ ሊያቋርጥበት ይችላል። በኤፕሪል 2021 በሁሉም ስፖርቶች አንድ ጊዜ ሳይቀመጡ መዛወር ተፈቀደ።

ለሁለተኛ ጊዜ የተዛወረ ተማሪ ግን አሁንም ልዩ ፈቃድ መለመን ነበረበት፤ ማኅበሩም በ2023 መስፈርቱን አጠበቀ። ቴዝ ዎከር የሚባለው የፉትቦል ተጫዋች የደረሰበት ነገር ብዙ ሰው አሳዝኗል። ቀደም ሲል የገባበት የኖርዝ ካሮላይና ሴንትራል ዩኒቨርሲቲ ቡድን በኮቪድ ምክንያት ውድድሩን ስለሰረዘ አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ነበር የለቀቀው። ከዚያ በኬንት ስቴት ተጫውቶ በ2023 ለቤተሰቡ ወደሚቀርበው የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ሲዛወር፣ ማኅበሩ በሴፕቴምበር ጥያቄውን ውድቅ አደረገበት፤ በኦክቶበር ደግሞ ሐሳቡን ቀይሮ ፈቀደለት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሊለወጥ የሚችል ውሳኔ መጀመሪያውኑ በምን መሠረት ላይ እንደቆመ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሰባት ግዛቶች፣ ማለትም ኦሃዮ፣ ኮሎራዶ፣ ኢሊኖይ፣ ኒው ዮርክ፣ ኖርዝ ካሮላይና፣ ቴነሲና ዌስት ቨርጂኒያ፣ በጠቅላይ ዐቃቤያነ ሕጎቻቸው አማካይነት በዲሴምበር 2023 ክስ የመሠረቱት እንዲህ ባለው ሁኔታ ውስጥ ነው። ክሱ የቆመው በ1890 በወጣውና ሼርማን አክት በተባለው ሕግ ላይ ነበር። ይህ ሕግ ተፎካካሪዎች ተስማምተው ገበያን እንዳያፍኑ የሚከለክል ሲሆን፣ ከሳሾቹ እንዳሉት ኮሌጆች ለተጫዋች የሚፎካከሩ እስከሆኑ ድረስ ተጫዋቹን ከመሄድ የሚያስፈራራ የጋራ ደንብ ማውጣታቸው እንዲህ ያለ ስምምነት ነው። ዳኛ ቤይሊ እግዱን ሲሰጡ ለ14 ቀናት ነበር። ወዲያው ግን አንድ አስጨናቂ ጥያቄ ተነሣ፤ በእነዚያ ቀናት የተጫወተ ተማሪ እግዱ ቢነሣ ምን ይሆናል? ማኅበሩ እንዲህ ያለው ተማሪ ከተፈቀዱለት የውድድር ዘመናት አንዱን ሊያጣ እንደሚችል አሳውቆ ስለነበር፣ በጥቂት ጨዋታ ሙሉ ዓመት የመክሰር ስጋት ተፈጠረ። ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው እግዱ እስከ ዓመቱ ውድድር ማብቂያ በመራዘሙ ስጋቱ ተወገደ። በጃንዋሪ 2024 የፌዴራሉ ፍትሕ ሚኒስቴር፣ ከእርሱም ጋር ሚኔሶታ፣ ሚሲሲፒ፣ ቨርጂኒያና ዋሽንግተን ዲሲ ከከሳሾቹ ጎን ተሰለፉ። ማኅበሩ በኤፕሪል የዝውውር ቁጥር ገደቡን ራሱ አነሣ፤ በሜይ 2024 መጨረሻም ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ።

እንግዲህ በኤፕሪል 2024 በተለወጠው ደንብ መሠረት አንድ ተማሪ የፈለገውን ያህል ጊዜ ቢዛወር፣ በትምህርቱ ብቁ ሆኖ ከለቀቀ፣ የዲሲፕሊን እገዳ ከሌለበት እና በአዲሱ ኮሌጅ የዲግሪ ግስጋሴ መስፈርቱን (በየዓመቱ ተጠናቅቆ መገኘት ያለበትን የዲግሪ ድርሻ) ካሟላ ወዲያው ይጫወታል።

ይህን የሚቃወሙት ብዙ አሠልጣኞችና የስፖርት ኃላፊዎች ቡድን መገንባት እንዳልተቻለ፣ ተጫዋቾችም በየዓመቱ ለጨረታ እንደሚቀርቡ ይናገራሉ። ገንዘቡ በእርግጥ ገብቷል። ከጁላይ 2021 ጀምሮ ተማሪዎች በስማቸውና በምስላቸው ገቢ ማግኘት ተፈቅዶላቸዋል፤ ስፖርተኞች በኤንሲኤኤ ላይ ያቀረቡትን ክስ በዘጋውና በጁን 2025 በጸደቀው የሃውስ ስምምነት ደግሞ አንድ ትምህርት ቤት በ2025–26 የትምህርት ዘመን እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለስፖርተኞቹ በቀጥታ መክፈል ይችላል። ገንዘቡ ሌላ ዓይነት ጠብም ወልዷል። የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲው የፉትቦል ተጫዋች ዛቪየር ሉካስ ስሙ የዝውውር መዝገቡ ላይ እንዲሰፍርለት ጠይቆ ሳይሳካለት ሲቀር፣ በጃንዋሪ 2025 ትምህርት ቤቱን እንደማንኛውም ተማሪ ለቅቆ ማያሚ ዩኒቨርሲቲ ተመዘገበ። ዊስኮንሲን ማያሚን በፍርድ ቤት ከሰሰ። ኤንሲኤኤ ግን ተማሪ ከአንድ ትምህርት ቤት ወጥቶ ሌላ ገብቶ ወዲያው መወዳደሩን ደንቡ እንደማይከለክል ገለጸ። መዝገቡ ኮሌጆችን እንጂ ተማሪውን የማያስር መሆኑ የታየው ያን ጊዜ ነው።

እኔ በግሌ የመቀመጥ ግዴታው መነሣቱን እደግፋለሁ። አንድ ወጣት የሚጫወትባቸው ዓመታት ጥቂት ናቸው፤ በ2025 በነበረው ደንብ መሠረት ኮሌጅ ከገባበት ቀን አንሥቶ በሚቆጠሩ አምስት ዓመታት ውስጥ አራት የውድድር ዘመን ብቻ ነበር የሚፈቀድለት። ክርክሩ አሁን ወደዚህ ቆጠራ ተሻግሯል። የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲው የፉትቦል ተጫዋች ዲዬጎ ፓቪያ በሁለት ዓመት ኮሌጅ የተጫወታቸው ዘመናት ሊቆጠሩበት እንደማይገባ ተከራክሮ በዲሴምበር 2024 ቴነሲ ከሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት እግድ አገኘ፤ ማኅበሩም ተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ላሉ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ፈቀደ። በሌላ ተመሳሳይ ክስ ደግሞ ሰባተኛው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በጁላይ 2025 ለአንድ የዊስኮንሲን ተጫዋች ተሰጥቶ የነበረውን እግድ ሽሮታል። ፍርድ ቤቶች በዚህ ላይ አንድ ድምፅ የላቸውም።

በእኔ አስተያየት ከዚህ ሁሉ ይልቅ ትኩረት የተነፈገው ሬጅስትራር ቢሮ ውስጥ የሚሆነው ነገር ነው። የዲግሪ ግስጋሴ መስፈርቱ ተማሪው ሦስተኛ ዓመቱን ሲጀምር የዲግሪውን 40 በመቶ፣ አራተኛውን ሲጀምር 60 በመቶ፣ አምስተኛውን ሲጀምር 80 በመቶ እንዲያጠናቅቅ ያስገድዳል። ዲግሪው 120 ክሬዲት አወር ከሆነ ይህ 48፣ 72 እና 96 ማለት ነው። ሦስት ዓመት ተምሮ 84 ክሬዲት ያለው ተማሪ ተዛወረ እንበል። አዲሱ ኮሌጅ ትራንስክሪፕቱን አይቶ ለሚገባበት ዲፓርትመንት የሚቆጠሩት 60ዎቹ ብቻ ናቸው ካለው፣ ከሚፈለገው 72 በ12 ይጎድለዋል። አሠልጣኙ ቢፈልገው፣ ዳኛም ቢፈቅድለት፣ ይህን ሳያሟላ ሜዳ አይገባም። ጉዳቱ ቀላል አይደለም፤ የአሜሪካ መንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ በ2017 ባወጣው ሪፖርት ከ2004 እስከ 2009 የተዛወሩ ተማሪዎች በአማካይ ወደ 43 በመቶ የሚጠጋ ክሬዲታቸውን እንዳጡ ገምቷል። ቁጥሩ ስፖርተኛውንም ሌላውንም ተማሪ የሚመለከት ነው። የክሬዲት ጉድለቱን ለመሙላት ተብሎ ያላሰቡት ዲፓርትመንት ውስጥ መግባት፣ ኢንጂነሪንግ ጀምሮ በማያውቁት ዘርፍ መመረቅ፣ ከዚህ የሚከተል እውነተኛ ኪሳራ ነው።

ከኢትዮጵያም ሆነ ከሌላ አገር በሩጫ ስኮላርሺፕ ለመጣ ተማሪ ደግሞ አንድ ደረጃ ይጨመራል። ኤፍ-1 የተባለው የተማሪ ቪዛ ያለው ስለሆነ የኢሚግሬሽን መዝገቡ መንግሥት የውጭ አገር ተማሪዎችን በሚከታተልበት የሴቪስ ሥርዓት ወደ አዲሱ ኮሌጅ መተላለፍ፣ ኮሌጁ የሚሰጠው አይ-20 የተባለ የተማሪነት ማረጋገጫ ቅጽም እንደ አዲስ መውጣት አለበት፤ ቪዛውም ሥራ መሥራትን በጥብቅ ስለሚገድብ ከስሙ ገቢ ለማግኘት አሜሪካዊ ጓደኛው የሚፈርመውን ውል እርሱ ሳያማክር ሊፈርም አይገባም። ስለዚህ በቨርጂኒያም ሆነ በሚኔሶታ ልጃቸው “ልዛወር ነው” ያላቸው ወላጆች፣ ለማሳወቂያው ደብዳቤ ፊርማ ከመዋሉ በፊት ከአዲሱ ኮሌጅ ሬጅስትራር ስንት ክሬዲት፣ ለየትኛው ዲፓርትመንት እንደሚያዝለት በጽሑፍ ይጠይቁ። አሠልጣኙ በስልክ “ሁሉም ይያዝልሃል” ማለቱ በቂ አይደለም፤ ክሬዲት የሚቆጥረው እርሱ አይደለምና።