ስቶፕ መብራት ምንድን ነው? ሲጠፋስ ለምን ያጣላል?

ስቶፕ መብራት ፍሬን ሲያዝ ከመኪናው ኋላ ደምቆ የሚበራው ቀይ መብራት ነው። ለኋለኛው ነጂ «እየያዝኩ ነው፣ ተጠንቀቅ» ይለዋል። የመኪናው ባለቤት ግን ተቀምጦ እየነዳ ሊያየው አይችልም። ስለዚህ ስቶፕ ሳይኖረው የሚነዳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቸልተኛ ሳይሆን ያላወቀ ነው። በስቶፕ ሰበብ መንገድ ላይ የሚነሳው ጠብ ይህን ከመርሳት ይመጣል ብዬ አምናለሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከፍሬን ፔዳሉ በላይ ትንሽ ስዊች አለች፤ ፔዳሉ ሲረገጥ መብራቱን ታበራለች። በብዙ አሮጌ መኪኖች ስቶፑና የማታው የኋላ መብራት በአንድ አምፖል ውስጥ ናቸው፤ አምፖሉ ሁለት ክር አለው፣ አንዱ 5 ዋት፣ ሌላው 21 ዋት። የሚያታልለውም ይሄ ነው። ባለ 21ዱ ተበጥሶ ባለ 5ቱ ደህና ከሆነ ማታ ከኋላ ቀይ መብራት ይታያል፣ ሁሉም ነገር የሚሠራ ይመስላል፤ ፍሬን ሲያዝ ግን ምንም አይጨምርም። ፍሬቻ ሲቃጠል ቢያንስ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀስት ከወትሮው ፈጥኖ ብልጭ ድርግም እያለ ያሳብቃል። ስቶፕ በአሮጌ መኪና ላይ እንዲህ ያለ ምልክት የለውም።

አሁን ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ለገሐር እንውረድ። ሰዓቱ አመሻሽ ነው፣ ዝናብ ጥሏል። ከፊት ያለው ሚኒባስ ውስጥ አንዱ «ወራጅ አለ!» ይላል፣ ሾፌሩም ይይዛል። ስቶፑ አይበራም። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በዚያ ሰዓት በመኪኖቹ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ያንሳል። የኋለኛው ለጥቂት ይተርፋል። ደንግጧል፤ ድንጋጤው ወዲያው ንዴት ይሆንና ክላክሱን ይጫናል፣ ረጅም መብራቱን ደጋግሞ ያበራል። የፊተኛው እንደ ሁልጊዜው ነው የያዘው፤ «ይሄ ደግሞ ምን ሆኖ ነው?» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፣ ሁለቱም ተበድለናል ይላሉ።

ረጅም መብራት ነገሩን የሚያባብሰው እኛ ዘንድ ብዙ ትርጉም ስላለው ነው። «እለፍ» ማለት ነው፣ «እኔ ልለፍ» ማለትም ነው፣ «ወደፊት ትራፊክ ፖሊስ አለ» ማለትም ነው። «ስቶፕህ ጠፍቷል» ለማለት የምናበራውን የፊተኛው «ዞር በልልኝ» ብሎ ቢሰማው አይፈረድበትም።

የሚሻለው በአፍ መንገር ነው፣ ለዚህ ደግሞ የመሀል ከተማው መጨናነቅ ይመቻል። ብሔራዊ ጋ ወይም ሜክሲኮ ጎን ለጎን ስትቆሙ መስኮት ዝቅ አድርጎ፣ ሌላ ነገር ሳያስከትሉ፣ «ወንድሜ፣ የኋላ ስቶፕህ አይበራም፣ ሁለቱም» ማለት። በዕድሜ ለገፉ ሰው «ጋሼ፣ የግራ ስቶፕዎ አይሠራም»። የትኛው እንደሆነ ለይቶ መናገር ትልቅ እርዳታ ነው፤ አንዱ ብቻ ከጠፋ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የአምፖሉ ወይም የዛገ መቀመጫው ነው፣ ሁለቱም ባንዴ ከጠፉ ግን መጀመሪያ የሚታየው ፊውዙና የፔዳሉ ስዊች ነው። «ቅድም ልትገድለኝ ነበር» የሚለውን ግን ተዉት። እሱ ከተጨመረ ሰውየው ስለ መብራቱ የተነገረውን አይሰማም።

ለራስ መኪና ጠዋት ከግቢ ሲወጡ አንድ ሰው ከኋላ አቁሞ ፍሬን መርገጥ ነው። ሰው ከሌለ ማታ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ አቁሞ ፍሬኑን መያዝና ቀይ ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ይደምቅ እንደሆነ በስፖኪዮ ማየት ይቻላል። አምፖል ለመግዛት ሶማሌ ተራ ስትሄዱ የተቃጠለውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ባለ አንድ ክሩና ባለ ሁለት ክሩ ሲታዩ ይመሳሰላሉ።